ዝም ያለው መሬት

ደብዳቤው እስኪደርስ አርባ ቀን ቆጥሬያለሁ። ትዕግሥተኛ ነኝ ለማለት አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ትዕግሥት እንዳልፈጠረብኝ ያውቃል። አትክልት በመስከረም ወር ከጃፓን “ታገቢኛለሽ?” ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ደብዳቤው በጥቅምት መጨረሻ በደረሰኝ ማግስት “አዎ” ብዬ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። አንዲት ሴት “አዎ” ካለች በኋላ ዝም ሲሏት ምን ምን እንደምታስብ የደረሰባት ታውቀዋለች።

ጣቢታ እባላለሁ። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፤ በአራት ዓመቴ ኩፍኝ ነው ብርሃኔን ይዞብኝ የሄደው። አባቴ እዮብ ከከምባታ መጥቶ ቡራዩ ላይ ግንበኛ ሆኖ የኖረ፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታችን የሚያስተምር ሰው ነው። የምንኖረው ወይዘሮ ማሪቱ ግቢ ውስጥ በተከራየነው ሰርቪስ ቤት ነው። ወይዘሮ ማሪቱ ከጎንደር መጥተው በጨርቅ ንግድ የበለጸጉ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ የግቢውን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ቀለበት ወገባቸው ላይ አስረው የሚዞሩ ሴት ናቸው። የአትክልት እናት ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ገብቷችኋል። የተከራይ ልጅ ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ፣ ዓይነ ስውር ነኝ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይችሉት ነበር።

አትክልት የባሕር ታች ነው የሚያጠናው። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ምን አቅብጦት እንደሆነ እንጃለት። ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አስቀመጠኝና የተማሪ ፕላስቲክ መስመሪያ እጄ ላይ አደረገ። “ሁለት ትልልቅ የመሬት ቅርፊቶች ፊት ለፊት ይጋፋሉ” አለኝ። “አንደኛው ከሌላው ሥር ይገባል። ሲገባ ደግሞ የላይኛውን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ይጎትተዋል። የላይኛው ይጎብጣል፣ መሃሉ ያብጣል፣ ግን ዝም ይላል።” የመስመሪያውን ጫፍ በጣቶቼ ወደ ታች አስጫነኝ፤ ጀርባው ሲያብጥ በሌላው እጄ ተሰማኝ። “አሁን ልቀቂው” አለ። ለቀቅኩት፤ ጧ ብሎ ተስፈነጠረ። “የባሕር ታች እንዲህ ነው። ማንም አያየውም። ከመርከብ ድምፅ እንልካለን፤ ታች ያስቀመጥነው መሣሪያ ይመልሳል። መልሱ የወሰደውን ጊዜ ቆጥረን መሬቱ በሳንቲሜትር መንቀሳቀሱን እናውቃለን።”

ያን ቀን ነው የወደድኩት። የተማሩ ሰዎች ሁሉ፣ ግዙፍ መርከብ ላይ ተሳፍረው፣ ልክ እንደ እኔ ድምፅ ልከው መልስ ሲጠብቁ ታየኝ። መስመሪያውን እስከ ዛሬ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። እሱ ደግሞ በመካከላችን አንባቢ እንዳይገባ ብሎ ብሬል ተማረ፤ ደብዳቤዎቹን በስታይለስ፣ በብሬል መውጊያው፣ እየወጋ፣ በራሱ እጅ እየጻፈ ነበር የሚልክልኝ።

*

ዓርብ ታኅሣሥ 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ድንቅቱ ወደ ክፍሌ መጣች። “ባለ ነጥቡ ሰውዬሽ ጽፏል” አለችና ወፍራም ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

አልከፈትኩትም። እስካልከፈትኩት ድረስ አትክልት አልተወኝም። ከከፈትኩት ግን ሁሉም ሊሆን ይችላል። መጽሐፌ ውስጥ አስገባሁት፣ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ቤት ስገባ፣ በሬን ዘግቼ አነበዋለሁ አልኩ።

ያን ሰሞን አገሩ ጥሩ አልነበረም። ማስተር ፕላኑ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከአዲስ አበባ ጋር ሊጠቀልል ነው፣ ገበሬውም ሊፈናቀል ነው ተብሎ ወጣቱ መንገድ ላይ ከወጣ ሰንብቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል። ኔትዎርክ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ ጨርሶ ጠፍቷል። በዚያን ዕለትም ትምህርት ቤቱ ሁላችንንም በጊዜ ሊበትነን ሲል፣ ኮሪደሩ ላይ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። ያንን ቀለበት ከሺህ ቁልፍ መሃል እለየዋለሁ።

“ጣቢታ” አሉኝ ወይዘሮ ማሪቱ። ስሜን ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው ማለት ይቻላል፤ እስከዚያ ቀን “የእዮብ ልጅ” ነበርኩ።

“እትዬ ማሪቱ! በሰላም ነው?”

“ጠዋት ለጨርቅ ወደዚህ ስመጣ አባትሽ አደራ ቢለኝ ነው። ጎረቤታችን አብዶ መኪናውን ይዞ ውጭ ቆሟል።” አሉኝ። ቁልፎቹ በእጃቸው ሲታሹ ይሰማኛል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አትክልት ደውሎልሻል?”

“አልደወለም።”

“ደብዳቤስ?”

ፖስታው ከጎኔ፣ ከቦርሳው ቆዳ በስተጀርባ ነበር። በምን አፌ አዎ እንደምል ጠፋኝ። መጥፎ ወሬ ከሆነ እሳቸው ፊት ልሰማው አልፈልግም፤ በኔ ኀዘን ሲደሰቱ መስማት ከሞት ይብሳል።

“የለም” አልኩ።

“ከጠፋ አርባ ቀኑ” አሉ። “ትናንት ደግሞ ሬዲዮው ጃፓን ባሕር ውስጥ መሬት ተንቀጠቀጠ አለ።” ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። እኒያ ግቢውን ሁሉ የሚያንቀጠቅጡ ሴት ክንዴን ተደግፈው ሲቆሙ እጃቸው በረዶ ነበር። ደብዳቤው አለ ብላቸው ምን ነበረበት? ክፋቴ አሳፈረኝ፤ ግን አላልኩም።

*

የአብዶ ሚኒባስ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ከፊት አብዶ፣ መሃል ላይ እኔና ወይዘሮ ማሪቱ፣ ከኋላ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ ሁለት ልጆችና ወደ ሱሉልታ የሚሄዱ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ። “አካም ጅርቱ?” ብለው ሁላችንንም ሰላም ካሉ በኋላ ማንም አልተናገረም። ተሳፋሪ ያለበት ታክሲ እንዲያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። አብዶ እንኳ ቴፑን አልከፈተም።

ዓለም ገና ስንደርስ ፍተሻ ነበር። “ሁላችሁም ውረዱ! መታወቂያ!” አለ አንድ ወጣት ድምፅ። ከፊታችን ከቆመው መኪና አንድ ልጅ ሲያወርዱ ይሰማል፤ እናቱ መሆን አለባት፣ “ልጄ ምንም አያውቅም” እያለች ታለቅሳለች። “ሞባይሉ ላይ የሆነ ጽሑፍ ተገኝቶበት ነው” ብሎ አንሾካሾከልኝ አብዶ።

ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወሰዱት። መስመሪያው ወጣ፣ መጽሐፉ ወጣ፣ ከዚያ ፖስታው ሲቀደድ ሰማሁ። አርባ ቀን የጠበቅኩት ደብዳቤ በሰው እጅ ተቀደደ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ ወጣቱ። “አለቃ! ወረቀት ነው፣ ግን ምንም አልተጻፈበትም። ነጥብ ብቻ ነው።”

ከባድ የጫማ ድምፅ ቀረበ። ተለቅ ያለ፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። “ምንድን ነው?”

“ብሬል ነው ጌታዬ። የዓይነ ስውራን ጽሑፍ ነው።”

“ቴምብሩ የውጭ ነው። ከየት መጣ?”

“ከጃፓን።”

“ማን ነው የላከው?”

ምን ልበል? “እጮኛዬ ነው” አልኩ። ቃሉን ወይዘሮ ማሪቱ ፊት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ከጎኔ ቁልፎቹ ድምፅ አሰሙና ጸጥ አሉ። የለም ያልኩት ደብዳቤ እዚያ፣ በወታደር እጅ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነበር።

“እንደ ሰው በእስክሪብቶ ቢጽፍ ምናለበት?”

“እኔው ራሴ እንዳነበው ብሎ ነው።”

“እንግዲያው ራስሽ አንብቢው። ጮክ ብለሽ፤ ሁሉንም።”

ወረቀቱ እጄ ላይ ተመለሰ። በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር አሰብኩ። እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ ይህን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። የፈለግኩትን ብል ማን ያውቅብኛል? “ውድ ጣቢታ” አልኩ፣ “ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትምህርቱም ጥሩ ነው፣ አየሩም ተስማምቶኛል...”

“ጣትሽ ቆሟል” አለ አለቃው። “አፍሽ ይሄዳል፣ ጣትሽ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። ማንበብ ባልችል ማየት እችላለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሪ።”

ጣቴን ወደ ላይ መልሼ ጀመርኩ። አፌና ጣቴ አብረው ሄዱ፤ እኔም ደብዳቤዬን እንደነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

“ጣቢዬ። ዛሬ ለአንድ ቀን ወደብ ገብተናል፤ ነገ ተመልሰን እንወጣለን። ባሕሩ ላይ አንድ ቦታ እየዞርን ድምፅ ስንልክ ነው የምንውለው። ሦስት ሺህ ሜትር ወርዶ፣ መልስ ይዞ እስኪመጣ አራት ሰከንድ ይፈጃል። አራት ሰከንድ ትንሽ ነው እንዳትዪ፤ ጆሮ ላይ ሲቆጥሩት ረጅም ነው። ከታች መሬቱ በየዓመቱ ጥቂት ሳንቲሜትር እየተገፋ፣ እየጎበጠ ነው። የሚያስፈራን ግን የሚንቀጠቀጠው ቦታ አይደለም፤ ዝም ያለው ነው። ዝም ያለው መሬት ተቆልፏል። ግፊቱን ሁሉ ተሸክሞ ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ቀን...”

“ቁሚ!” አለ አለቃው። “የምን መሬት ነው?”

መሬት። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ መንገድ ላይ፣ ከዚህ የባሰ ቃል አልነበረም። ከኋላዬ አንደኛው የፋብሪካ ልጅ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁ።

“የባሕር ታች መሬት ነው ጌታዬ። የጃፓን ነው።”

“ግፊት፣ መቆለፍ፣ አንድ ቀን... አንድ ቀን ምን ይሆናል?”

“ይለቃል” አልኩ፤ ምን ልበል? “ላሳይዎት። መስመሪያዬን ይስጡኝ።”

ትንሽ ቆይቶ ፕላስቲኩ እጄ ገባ። አንዱን ጫፍ በመዳፌ ያዝኩ፣ ሌላውን አትክልት እንዳሳየኝ ወደ ታች ጫንኩት። “ይኸው፣ የላይኛው ቅርፊት ነው። ከሥሩ የሚገባው እየጎተተ ያጎብጠዋል። ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ መቶ ዓመት ዝም ብሎ ይጎብጣል። ከዚያ...” እጄ በላብ ረጥቦ ስለነበር መስመሪያው ሳላስበው አመለጠኝ። ጧ አለ።

ከግራዬ መሣሪያ ሲያቀባብሉ ሰማሁ። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ናት። ወይዘሮ ማሪቱ ክንዴን በጥፍራቸው ያዙኝ። ጌታ ሆይ፣ በመስመሪያ ልሞት ነው አልኩ በልቤ።

“ሂን ሶዳቲን፣ ኢንታላ ኮ” አሉ ኦቦ ጉተማ ከኋላዬ፣ ቀስ ብለው። “አትፍሪ ልጄ።”

“አውርድ አንተ!” አለ አለቃው ወጣቱን። “መስመሪያ ነው።” ከዚያ ወደኔ፣ “ቀጥይ” አለኝ፤ ድምፁ ለዘብ ብሏል።

ቀጠልኩ። “ባለፈው ሳምንት ታች ያለው መሬት በአንድ ጊዜ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ አገኘነው። ሁላችንም ደነገጥን፤ ትልቁ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ነው ብለን ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣን። በኋላ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኘ። የውኃው ሙቀት የድምፁን ፍጥነት ስለሚለውጠው በየዕለቱ መለካት አለበት። እኔ የባለፈውን ወር ሙቀት አስገብቼ ነበር። መሬቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም ጣቢዬ፤ የተለወጠው በመካከል ያለው ውኃ ነው። ያን ቀን ስለ አንቺ አሰብኩ። እናቴ በስልክ...”

ጣቴ ከአፌ ቀድሞ ወደሚቀጥለው መስመር ገብቶ ነበር። የብሬል አንባቢ እጅ ሁልጊዜ ይቀድማል። እንዲህ ይላል፦

እናቴ በስልክ፣ ጣቢታ ለጸሎት ቤታቸው ዘማሪ ለጌዲ ታጭታለች፣ ተዋት አለችኝ።

ክንዴን የያዙት ወይዘሮ ማሪቱ ጥፍራቸውን አጠበቁ። መሣሪያውን አልነበረም የፈሩት። “እናቴ በስልክ” የሚለውን ሰምተው የሚቀጥለውን አውቀውታል። ይቺ ሴት አርባ ቀን እንቅልፍ ያሳጣችኝ ሴት ናት። አሁን አንድ ቃል ብናገር፣ ጎረቤታቸው አብዶ ባለበት፣ በሰው ሁሉ ፊት ዕርቃናቸውን ይቀራሉ። ያውም የራሳቸው ልጅ የጻፈው ነው፤ እኔ አልዋሸሁም።

“ቀጥይ እንጂ” አለ አለቃው።

ጣቴን በመስመሩ ላይ እየነዳሁ፣ “እናቴ በስልክ ድምፅዋ ደክሞብኛል” አልኩ። “እባክሽን ሄደሽ ጠይቂያት። ብቻዋን እንዳትሆን።”

የአለቃው ጫማ አፈሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። “እናቱ የት ናቸው?”

“እኔ ነኝ” አሉ ወይዘሮ ማሪቱ።

“ይቺ ምራትዎ ናት?”

እኔ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

“አዎ” አሉ። “ምራቴ ናት።”

“ያዢው” አለኝ አለቃው፤ ወረቀቱን እንዳይጨማደድ ተጠንቅቆ በእጄ አስያዘኝ። “ሂዱ።” ወይዘሮ ማሪቱ “ምራቴ” ያሉት ከፍርሃት ይሁን ከልባቸው፣ ማወቅ አልቻልኩም። ብቻ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ሊወጣልኝም አልቻለም።

*

መኪናው ሲንቀሳቀስ የቀረውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በጣቴ ብቻ አነበብኩ።

“...አመንኳት። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አመንኳት። ለጥያቄዬ የጻፍሽው መልስ ካለ እኔ ጋ አልደረሰም፤ ሞባይልሽም አይገባም። ከዚያ የውኃው ነገር ሲገባኝ፣ ልብሽ ይሆን የሄደው ወይስ በመካከል ያለው ነው የተለወጠው አልኩ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ እልካለሁ። ዓርብ ታኅሣሥ 8 ሥራችንን ጨርሰን ወደብ እንገባለን። በእናንተ 11 ሰዓት በእናቴ ቤት ስልክ እደውላለሁ። አንቺ ካነሣሽው ከፋሲካ በፊት እመጣለሁ። እናቴ ካነሣችው፣ ወይም ማንም ካላነሣው፣ እዚሁ ለሦስት ዓመት እፈርማለሁ፤ ደግሜም አላስቸግርሽም።”

ዓርብ ታኅሣሥ 8። ዛሬ።

ሰዓቴን ተጫንኩ። አትክልት የላከልኝ የምትናገር ሰዓት ናት፤ በፈረንጅ አፍ ሦስት ከሃምሳ አለች። ወደ እኛ ስመልሰው ዘጠኝ ከሃምሳ ነው። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። መንገዱ እንደዚህ ባይሆን እንኳ ካለንበት ከአየር ጤና ቡራዩ መድረስ ቀላል አይደለም። ስልኩ ደግሞ የት ነው ያለው? ወይዘሮ ማሪቱ ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ። ሳሎኑ ይቆለፋል። ቁልፉ እሳቸው ወገብ ላይ ነው።

“አብዶ፣ እባክህን ፍጠን” አልኩ።

“ጣቢ፣ መንገዱን እኔ ነኝ እንዴ የያዝኩት?” አለኝ።

ወይዘሮ ማሪቱ ምንም አልጠየቁኝም። አንዲት ጥያቄ፣ “ልጄ ደህና ነው?” እንኳ አላሉም። ጣቴ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ እያዩ እንደነበር ግን ከትንፋሻቸው አውቄያለሁ። ልለምናቸው አልኩ። ለምኜ እንቢ ቢሉኝስ? ያን ጊዜ ምን ይቀረኛል? ሁለት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ አንዳችን የሌላችንን ምስጢር ይዘን፣ እስከ አስኮ ድረስ ሄድን።

*

ኦቦ ጉተማ ከልጆቹ ጋር አስኮ ላይ ወረዱ። “ነጋ ታአ” ብለው፣ በሰላም ቆዩ ብለው፣ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ቡራዩ ኬላ ስንደርስ ደግሞ መኪናው ቆመ። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ከሩቅ ብዙ ሰው ይጮሃል።

“ድንጋይ ዘርግተውበታል” አለ አብዶ። “ከዚህ አላልፍም እትዬ ማሪቱ። መኪናዬ ዳቦዬ ናት። በጓሮ በጓሮ ሂዱ።”

ሰዓቴ አሥር ከሠላሳ አምስት ሆናለች። ወረድን። ወይዘሮ ማሪቱ ክንዴን ይዘው እየመሩኝ ጥቂት እንደሄድን ከአስፋልቱ በኩል ጥይት ጮኸ። ከዚያ ቧ፣ ቧ የሚል ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ አፍንጫዬንና ጉሮሮዬን የሚያቃጥል ነገር መጣ። ሰው ወዲህ ወዲያ ይሮጣል። አንዱ ገፍቶኝ አለፈ።

“ዓይኔ!” አሉ ወይዘሮ ማሪቱ። “ጣቢታ፣ ዓይኔ ጠፋ! አላይም!”

“አስለቃሽ ጭስ ነው። አይሹት። ነጠላዎትን አፍዎ ላይ ያድርጉ።”

“አላይም እኮ ነው የምልሽ!”

“እኔም አላይም” አልኩ። “ይያዙኝ።”

በትሬን ዘርግቼ አጥር ፈለግኩ፤ ቆርቆሮ አገኘሁ። ቆርቆሮው አልቆ የጭቃ ቤት ግድግዳ ጀመረ፤ ከዚያ ብየዳ ቤቱ ጋ የሚደፋው የብረት ፍርፋሪ እግሬ ሥር ተንኮሻኮሸ። ይህን መንደር ከሕፃንነቴ ጀምሮ በእግሬ ተምሬዋለሁ። ደረቴ ይቃጠላል፣ እንባዬ ይፈስሳል፣ መንገዱ ግን አልጠፋኝም። ሌላ ጥይት ተሰማ፤ ቀረብ ብሏል። ወይዘሮ ማሪቱ ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉ።

“ሂጂ አንቺ። ተዪኝ።”

“ይነሡ እትዬ።”

“የዘለልሽውን አውቀዋለሁ” አሉ። ያለቅሱ ነበር፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ። “ልጄ እንደዚያ አይጽፍም። ‘ድምፅዋ ደክሞብኛል’ አይልም፤ ያኮረፈ ልጅ ነው። ለጌዲ ታጭታለች ብዬዋለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። ገደልኩት መሰለኝ ጣቢታ፤ ያ ባሕር በልቶት እንደሆነስ?”

ቁጣዬ የት እንደሄደ አላውቅም። ስንት ቀን ቃል ስመርጥለት የኖርኩት ቁጣ እዚያ ግድግዳ ሥር ጠፋኝ። አጎንብሼ እጃቸውን ያዝኩ።

“ዛሬ 11 ሰዓት በእርስዎ ስልክ ይደውላል” አልኩ። “እኔ ካላነሣሁት አይመጣም። ሦስት ዓመት እዚያው ይቀራል። ይኸው ነው ደብዳቤው። አሁን ይነሡ።”

ዝም አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ዝምታ ከመሣሪያው በላይ ፈርቼዋለሁ። ምርጫው የእሳቸው ነበር። እዚያው አሥራ አምስት ደቂቃ ቢቀመጡ ይበቃል፤ ማንም አይወቅሳቸውም፣ ጥይት እየጮኸ ነው። ልጃቸው ባይመጣም፣ የኔ ሳይሆን ይቀርላቸዋል።

እጃቸው እጄን ጠበቅ አደረገ። ተነሡ። “ምሪኝ” አሉኝ።

*

ግቢው በር ላይ ስንደርስ ሰዓቴ አራት ሃምሳ ስምንት ብላ ጮኸች፤ በእኛ ለ11 ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። አባቴ እዮብ ከውስጥ “ጣቢታ! ጣቢታ ነሽ?” እያለ ሮጠ፤ እንደሌላው ቀን አንገቱ ላይ አልተጠመጠምኩም። ወይዘሮ ማሪቱ የሳሎኑ በር ላይ ዓይናቸው እያነባ ቁልፍ ይፈልጋሉ። አንዱ አልሆነም። ሁለተኛው አልሆነም። ቀለበቱ መሬት ላይ ወደቀ።

“አላይም” አሉ፤ አሁን እንደ ልጅ። “የትኛው እንደሆነ አላይም።”

ተንበርክኬ አነሣሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን የሳሎን ቁልፍ ከውጭ ሆኜ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ረጅሙና ወፍራሙ ነው፤ ሲዞር ሁለት ጊዜ ይጮኻል። በጣቴ ለይቼ ሰጠኋቸው፤ በሩ የእሳቸው ነው። ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ሳሎኑ ቀዝቃዛ ነበር፤ የወለል ሰምና የተዘጋ መጋረጃ ይሸታል። በሕይወቴ እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። 11 ሰዓት ሆነ። ስልኩ ዝም ብሏል።

11 ከሁለት። ውጭ ጥይት ይሰማል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ በሹክሹክታ ይጸልያል። 11 ከአምስት። ወይዘሮ ማሪቱ መቀበያውን አንሥተው ድምፅ መኖሩን አረጋገጡ፤ “መስመር አለ” ብለው ቶሎ መለሱት፣ መስመሩ እንዳይያዝ ፈርተው። የሰው ልብ እንዲህ ተቆልፎ ግፊቱን ሁሉ ሊሸከም እንደሚችል ያን ቀን አውቄያለሁ። ከነጋ ጀምሮ መንገዱን ፈራሁ፣ ወታደሩን ፈራሁ፣ ጥይቱን ፈራሁ፤ እንደዚያ ዳንቴል የለበሰ ዝም ያለ ዕቃ ግን የፈራሁት የለም።

11 ከዘጠኝ ላይ ጮኸ።

ሁለታችንም እጃችንን ዘረጋን፤ ጣቶቻችን ዳንቴሉ ላይ ተጋጩ። የእሳቸው ቀድሞ መቀበያው ላይ ነበር። ሁለተኛ ጮኸ። ሦስተኛ ጮኸ። ከዚያ እጄን ያዙና መቀበያው ላይ አስቀመጡት፤ የራሳቸውን አነሡ።

“ሀሎ” አልኩ።

መስመሩ ይንሿሿል። ቃሌ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ሩቅ፣ ብዙ ውኃ አቋርጦ ሲወርድ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እትዬ ማሪቱ ጉልበቴ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ቀሚሴን ጨብጠዋል።

“ጣቢዬ?” አለ። “አንቺ ነሽ?”

አርባ ቀን ያጠራቀምኩት ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ አፌ ላይ ቆመ። ከታች፣ ከጉልበቴ ሥር፣ ሹክ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

“በሩን የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ በይልኝ።”

“አትክልት” አልኩ፣ “በሩን የከፈቱልኝ እናትህ ናቸው።”